በእናት ዶሮ ጫጩት ማሳደግ፦ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ለሚኖሩ ዶሮ አርቢዎች የቀረበ መረጃ

ይህ መረጃ በመካነ ሰላም ከተማ ዙሪያ እንዲሁም በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦ፣ በመቅደላ፣ በተንታና በሳይንት አካባቢ የሐበሻ ዶሮ ለሚያረቡ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። ዶሮን እንቁላል ስለ ማስታቀፍ፣ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ከእናታቸው ጋር በሌሎች ዶሮዎች መካከል ስለ ማሳደግና ከመንግሥት መዋቅር ስለሚገኙ አገልግሎቶች ያብራራል።

የጉዳዩ አሳሳቢነት

የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ይደርሳል። ይህ ቁጥር አነስተኛ የሚሆነው ዶሮዋ ሰነፍ ስለሆነች ሳይሆን ጊዜዋን በሦስት ሥራ ስለምታካፍለው ነው። ለ20 ቀናት ያህል ትጥላለች፤ ለ21 ቀናት ትታቀፋለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን 8 ሳምንትና ከዚያ በላይ ትመራለች። አንዱ ዙር ወደ 100 ቀናት ስለሚወስድ በዓመት ከሦስት እስከ አራት ዙር ብቻ ይኖራታል።

ከእነዚህ ሦስት ሥራዎች መካከል ዶሮዋ በመታቀፉ እምብዛም አትታማም። በጥሩ ሁኔታ ከታቀፈቻቸው 13 እንቁላሎች 10 ያህሉን ትፈለፍላለች። ኪሳራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በገጠር አያያዝ ከተፈለፈሉት ጫጩቶች መካከል ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት 8 ሳምንት ሳይሞላቸው እንደሚያልቁ በአገራችን የተካሄዱ የመስክ ጥናቶች ያሳያሉ። ከ10 ጫጩቶች 5 ሲሞቱ እናቲቱ ለ100 ቀናት የደከመችው ለ5 ጫጩቶች ይሆናል። ከአምስቱም ግማሽ ያህሉ አውራ ናቸው። ስለዚህ ተጨማሪ ዶሮ ወይም የተሻሻለ ዝርያ ለመግዛት ከማሰብ በፊት ከተፈለፈሉት ውስጥ ሦስት ጫጩት ተጨማሪ ማትረፍ በአነስተኛ ወጪ የሚገኝ ትርፍ ነው።

በአካባቢው የዶሮ እርባታ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ያለ ሥራ ነው። የእንቁላልና የዶሮ ሽያጭ ለጨው፣ ለጋዝ፣ ለደብተርና ለሕክምና የሚውል የቤት ወጪ ይሸፍናል። በቀበሌ የሚሰጥ የዶሮ አያያዝ ምክርና የክትባት ጥሪ በስብሰባ ላይ ለተገኘው አባወራ ብቻ ከተነገረ ዶሮዋን ለምትይዘው እማወራ ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጥሪው ለእርሷ በቀጥታ መድረስ ይኖርበታል።

የማስታቀፊያ ወቅት

በደጋማው ክፍል ወቅት መምረጥ ከሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ይቀድማል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ ገና ላባ ያላወጣ ጫጩት ከእናቱ ክንፍ ሥር ለጥቂት ጊዜ ቢወጣ እንኳ ይደነዝዛል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ዝናብና ጭቃ አለ፤ የሰብሉ ቁመት ለሸለምጥማጥና ለዱር ድመት መደበቂያ ይሆናል፤ የፈንግል በሽታም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በክረምቱ መግቢያ ነው።

በመካከል የሚቀረው አመቺ ጊዜ የካቲትና መጋቢት ነው። ይህ ወቅት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጣጠማል። ጾሙ ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ቀንም ዘግይቶ አይገባም፤ የሚቆየውም 55 ቀናት ነው። በእነዚህ ቀናት ጿሚው ቤተሰብ እንቁላል አይበላም፣ ገዢም ይቀንሳል። ርካሽ በሆነበት ጊዜ ወደ ገበያ የሚሄደው እንቁላል ከዶሮ ሥር ቢገባ ዋጋው ይበልጣል። ጾሙ በገባበት ሳምንት የታቀፈ እንቁላል በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል። ጾሙ ዘግይቶ በመጋቢት መጀመሪያ ቢገባ እንኳ ጫጩቶቹ ሰኔ ሳይገባ 8 ሳምንት ይሞላቸዋል፤ አውራዎቹም ለእንቁጣጣሽ ገበያ ከአምስት ወር በላይ ሆኗቸው ይደርሳሉ። የእስልምና እምነት ተከታይ ለሆኑ ቤተሰቦች የጾሙ ስሌት ባይመለከታቸውም የአየር ጠባዩና የገበያው ስሌት ለእነርሱም ይሠራል።

በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች ዳርቻ ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ሁኔታው ይለያል። በዚያ ውርጭ ስለሌለ ከኅዳር ጀምሮ ማስታቀፍ ይቻላል። ነገር ግን ሙቀቱ የተጠራቀመ እንቁላልን ቶሎ ስለሚያበላሽ ከደጋው ይልቅ በአጭር ቀናት ውስጥ ማስታቀፍ ያስፈልጋል።

እናት ዶሮንና እንቁላልን መምረጥ

እንቁላል የታቀፈች ሁሉ ጥሩ እናት አይደለችም። ከዚህ ቀደም ፈልፍላ ብዙ ጫጩት ያሳደገች፣ ሰውነቷ ሰፋ ያለ፣ ከጎጆዋ ቶሎ የማትበረግግና ጭልፊት ስታይ ጫጩቶቿን ጠርታ የምትሰበስብ ዶሮ ትመረጣለች። እንቁላል የምትሰብር፣ ጎጆዋን ጥላ የምትጠፋ ወይም ጫጩት የምትረግጥ ዶሮ ለእንቁላል ብቻ ትያዝ።

መታቀፍ የማይፈለግባትን ዶሮ ወደ መጣል ለመመለስ በየአካባቢው የተለመዱ መንገዶች አሉ፤ ቁልቁል መስቀል፣ ውኃ ውስጥ መንከር፣ በአፍንጫዋ ላባ ማሳለፍ ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። እነዚህ ድርጊቶች ዶሮዋን የሚያሠቃዩና ለበሽታ የሚያጋልጡ በመሆናቸው አይመከሩም። ከሥር አየር በሚያስገባ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ ያለ ጎጆ ከሦስት እስከ አምስት ቀናት ማቆየት በቂ ነው፤ ምግብና ውኃ ግን አይከለከልም።

የሚታቀፉት እንቁላሎች አውራ ካለበት መንጋ የተገኙ መሆን አለባቸው። አንድ አውራ ለአሥር ሴት ዶሮዎች ይበቃል። እንቁላሉ ከተጣለ ከ7 እስከ 10 ቀናት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይታቀፍ፤ እስከዚያው ድረስ በቀዝቃዛና ጥላ በሆነ ቦታ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። በእህል ውስጥ ማስቀመጥ በአካባቢው የተለመደ ነው፤ እህሉ ከምድጃ የራቀ ከሆነ ችግር የለውም። የቆሸሸ እንቁላል በውኃ አይታጠብ፤ ሽፋኑ ሲታጠብ ጀርም ወደ ውስጥ ይገባል። በጣም ትልቅ፣ በጣም ትንሽ፣ ቅርጹ የተዛባ ወይም የተሰነጠቀ እንቁላል ለቤት ፍጆታ ይዋል።

ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 13 እንቁላል ተገቢ ነው። ደጋ በሆነ ቦታ 10 ላይ ማቆም ይሻላል፤ ከሆዷ ሥር የሚተርፈው እንቁላል በሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በማግሥቱ እርሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሌላው ስለሚወጣ ጉዳቱ በአንድ እንቁላል አያበቃም።

በመንጋ መካከል ማስታቀፍ

የታቀፈች ዶሮ ከሌሎች ጋር በአንድ ቤት ስትኖር ዋናው ችግር ሌሎች ዶሮዎች በጎጆዋ ገብተው መጣላቸው ነው። አዲስ የተጨመረ እንቁላል ከሌሎቹ ኋላ ስለሚቀር አይፈለፈልም፤ ዶሮዋ ግን ጎጆው ሲጠብባት የቀደሙትን ትገፋለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ቀን በሁሉም እንቁላሎች ላይ በከሰል ምልክት ይደረግ፤ በየቀኑ ዶሮዋ ለመብላት ስትነሣ ምልክት የሌለው ይወሰድ። ከተቻለም ከቆጡ ርቆ ጨለም ባለ ጥግ ላይ በቅርጫት፣ በሰፊ ገል ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ጭድ ተነጥፎ ጎጆዋ ይለይ። ከቆጡ ሥር ማድረግ አይገባም፤ የሌሎች ዶሮዎች ኩስ ይወርድበታል።

ከጭዱ ሥር የተነፋ ደረቅ አመድ መበተን ቅማልንና ቁንጫን ይቀንሳል። ዶሮዋም ከመታቀፏ በፊት በላባዋ ሥር ተፈትሻ በአመድ ትታሽ። ለሰብል የተገዛ የተባይ ኬሚካል በጎጆ ወይም በዶሮዋ ላይ መርጨት ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። እናቲቱን ባይገድል ጫጩቶቹን ይገድላል፤ እንቁላሉንም ለሰው አደገኛ ያደርገዋል።

ዶሮዋ በቀን አንድ ጊዜ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ተነሥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትጥላለች። በቅርብ ጥሬና ንጹሕ ውኃ ከተዘጋጀላት ቶሎ ትመለሳለች፤ ምግብ ፍለጋ ርቃ ከሄደች ግን እንቁላሉ ይበርዳል። በ7ኛው ቀን ሌሊት እንቁላሎቹን በእጅ ባትሪ ብርሃን መመልከት ይቻላል። ጽንስ የያዘው እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ይታይበታል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ባዶ ስለሆነ ይወጣል። ከ18ኛው ቀን በኋላ እንቁላሎቹ አይነኩ።

በ21ኛው ቀን መፈልፈል ሲጀምር ቅርፊት እየሰበሩ ጫጩቱን ለማገዝ መሞከር ብዙ ጊዜ ደም በማፍሰስ ያበቃል። ጫጩቱ ከመውጣቱ በፊት ቀሪውን አስኳል ወደ ሆዱ ስለሚያስገባ ሁለት ቀን ያህል ሳይበላ መቆየት ይችላል። ስለዚህ እናቲቱ በራሷ ጊዜ እስክትነሣ ድረስ መጠበቅ እንጂ ቀድሞ የወጣውን ለማብላት ብሎ መረበሽ አያስፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት

ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ኪሳራ በብዛት የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው። የተለመደው አሠራር እናቲቱ በማግሥቱ ጫጩቶቿን ይዛ ወደ ደጅ እንድትወጣ መልቀቅ ነው። በደጋ አገር የጧት ጤዛ የጫጩቱን ሆድ ያረጥባል፤ እናቲቱ ለራሷ ምግብ ስትል ርቃ ትመራቸዋለች፤ ደካማው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጭልፊትም የምትጠብቀው እርሱን ነው። ጫጩት ጠፋ ተብሎ የሚቆጠረው በአውሬ ስም ቢሆንም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ያዳከመው ብርድና ረኀብ ነው።

እናቲቱን ከነጫጩቶቿ ለሦስት ሳምንት ማቆየት ይመከራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከሸምበቆ፣ ከቀርከሃ ወይም ከአካባቢው እንጨት የተሠራ፣ ተደፍቶ የሚቀመጥ ሰፊ ቅርጫት ወይም የርብራብ ሳጥን ነው። በርብራቡ መካከል ያለው ክፍተት ሦስት ጣት ያህል ቢሆን ጫጩቶቹ ይወጣሉ፣ ይገባሉ፤ እናቲቱ ግን ከውስጥ ሆና ትጠራቸዋለች። ቅርጫቱ በግቢ ውስጥ፣ ሌሎች ዶሮዎች በሚውሉበት አጠገብ ይቀመጥ። መንጋው ጫጩቶቹን በየቀኑ እያየ ስለሚለምዳቸው በኋላ ሲቀላቀሉ መናቆር ይቀንሳል። በጫጩትነት ከእናቱ ጋር በመንጋ መካከል ያደገ ዶሮ በዶሮዎች ዘንድ ስፍራውን ቀስ በቀስ ይይዛል፤ አድጎ ያለ እናት በድንገት የሚገባው ግን እስኪላመድ ድረስ ይነከሳል፣ ከምግብም ይባረራል።

የጫጩቶቹ ምግብ ከሌሎች ዶሮዎች ሊጠበቅ ይገባል። ከላይ በተገለጸው ሦስት ጣት ክፍተት የታጠረ ትንሽ ቦታ ተዘጋጅቶ በዚያ ውስጥ ቢቀርብላቸው ትልልቆቹ አይሻሟቸውም። የስንዴ ወይም የገብስ ሽርክት ብቻውን ጫጩት አያሳድግም፤ ሰውነት የሚገነባ ምግብ ያስፈልጋል። በደንብ የተፈጨ የኑግ ፋጉሎ፣ ምስጥ፣ ከእበት ሥር የሚገኝ ትል፣ እንዲሁም በባትሪ ታይቶ ባዶ ሆኖ የወጣው እንቁላል ተቀቅሎና ተፈርፍሮ ሊሰጥ ይችላል። የሻገተ እህልና ፋጉሎ ለጫጩት መርዝ ነው። ውኃ ጥልቀት በሌለው ሳሕን፣ ጠጠር ተጨምሮበት ይቅረብ፤ ያለ ጠጠር የተቀመጠ ውኃ በደጋ ብዙ ጫጩት ያሰጥማል ወይም አርጥቦ በብርድ ይገድላል።

ሌሊት እናቲቱና ጫጩቶቿ ቆጥ ላይ አይወጡም፤ መሬት ላይ ስለሚያድሩ ለሸለምጥማጥ የተጋለጡ ናቸው። የሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ደረቅ ጭድ ተነጥፎ ይደሩ፤ ጭዱም ሲረጥብ ይቀየር። እርጥብ ጉዝጓዝ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትለውን የኮክሲዲያ በሽታ ያባብሳል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቲቱ በመጀመሪያ ከሰዓት በኋላ፣ ጀንበር ከመጥለቋ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ትለቀቅ፤ ርቃ ለመሄድ ጊዜ ስለማይኖራት በቤቱ ዙሪያ ትቆያለች። ቀጥሎም ጤዛ ከደረቀ በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ መልቀቅ ይቻላል። በግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ቦታ የእሾህ ክምር ወይም ዝቅ ያለ ዳስ ቢኖር እናቲቱ ስትጮህ ጫጩቶቹ የሚሸሸጉበት ያገኛሉ።

ሁለት ዶሮዎች በአንድ ቀን ቢታቀፉ ጥቅም አለው። ሲፈለፍሉ የሁለቱም ጫጩቶች ለተሻለችው እናት ይሰጣሉ፤ ሁለተኛዋ ወደ መጣል ትመለሳለች። ይህ በሌሊት የሚደረግ ሲሆን ጠቅላላው ቁጥር በደጋ ከ15 መብለጥ የለበትም። እናቲቱን ከጫጩቶቿ ለይቶ ወደ እንቁላል ለመመለስ የሚፈልግ ቤተሰብ በሞቃት ወራት ከ6ኛው ሳምንት በኋላ ሊለያት ይችላል፤ በብርድ ወራት ግን 8 ሳምንት መጠበቅ ይገባል።

ከብዜት ማዕከልና ከጫጩት አሳዳጊዎች ለሚገዙ

በኮምቦልቻ የሚገኘው የዶሮ ብዜት ማዕከል ለደቡብ ወሎና ለአጎራባች አካባቢዎች የተሻሻሉ ዶሮዎችን ሲያሰራጭ የቆየ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም የዶሮ ሥጋና እንቁላል ምርትን ከትኩረቶቹ አንዱ አድርጓል። ሆኖም አርቢዎች አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል፤ እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ የእንቁላል ዝርያዎች የመታቀፍ ጠባያቸው ተመርጦ ስለቀነሰ አይታቀፉም ማለት ይቻላል። የሐበሻ ዶሮውን ሁሉ ሸጦ በእነዚህ የተካ ቤተሰብ መንጋውን ለመተካት ሁልጊዜ ከገበያ መግዛት ግዴታ ይሆንበታል። ቢያንስ ሁለት ጥሩ የሐበሻ እናቶችን ማስቀረት ብልህነት ነው።

የአንድ ቀን ጫጩት የገዛ ሰው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ታቅፋ በቆየች ዶሮ ሥር በሌሊት እንቁላሉን በጫጩት ሊተካላት ይችላል፤ በማግሥቱ ጧት እየጠራች ከመራቻቸው ተቀብላቸዋለች፤ ከነከሰቻቸው ወዲያውኑ ይነጠሉ። የ45 ቀን ቄብ ወይም አውራ ግን እናት አይፈልግም፤ የታቀፈች ዶሮም አትቀበለውም። ከገበያም ሆነ ከአሳዳጊ የተገዛ ማንኛውም ዶሮ ከመንጋው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለሁለት ሳምንት ተለይቶ ይቆይ።

የፈንግል ክትባትና አገልግሎቱን ማግኘት

በአያያዝ የተረፈውን ጫጩት ሁሉ በአንድ ሳምንት ሊጨርስ የሚችለው ፈንግል ነው። ምልክቶቹ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ የአንገት መጠምዘዝና የእግር ወይም የክንፍ ሽባነት ናቸው። መድኃኒት የለውም፤ በየሱቁ የሚሸጥ አንቲባዮቲክም አያድንም። መከላከያው ክትባት ብቻ ሲሆን በቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም በአገር ውስጥ ይመረታል። ከክትባቶቹ መካከል አይ ቱ የተባለው ሙቀትን በተሻለ ሁኔታ ስለሚቋቋም ማቀዝቀዣ ለሌላቸው የገጠር ቀበሌዎች አመቺ ነው፤ በዓይን አንድ ጠብታ ይሰጣል፤ በየሦስት ወይም አራት ወሩም ይደገማል።

እናት ዶሮ ለማስታቀፊያ የሚሆነውን እንቁላል መጣል ከመጀመሯ ከሦስት ሳምንት በፊት ብትከተብ ጫጩቶቿ በአስኳሉ በኩል መጠነኛ መከላከያ ያገኛሉ። ይህ የሚያገለግለው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ስለሆነ ጫጩቶቹም ክረምት ሳይገባ መከተብ አለባቸው። የታመመ ዶሮ አይከተብም።

አገልግሎቱ የሚጠየቀው በቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ፣ ኬላ በሌለበት በልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኩል ወይም በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ በመሆኑና ከተበጠበጠ በኋላ በዚያው ቀን ማለቅ ስላለበት ለአምስት ዶሮ ብቻ ባለሙያ መጥራት አስቸጋሪ ነው። ጎረቤቶች ተሰባስበው የዶሮዎቻቸውን ብዛት በትልልቅ፣ በቄብና በጫጩት ለይተው ቢያስመዘግቡ ቀጠሮ በቀላሉ ይያዛል። በተቀጠረው ዕለት ዶሮዎቹ ከሌሊት ማደሪያቸው ሳይለቀቁ፣ ማለዳ ላይ ይጠብቁ፤ አንድ ጊዜ ከተበተኑ በኋላ የቀረውን ግማሽ መያዝ አይቻልም። በመንደሩ አንድ ቤት ሳይከተብ ቢቀር የሌሎቹ ጫጩቶች አብረው ስለሚውሉ አደጋው ለሁሉም ነው።

በድንገት ከአንድ በላይ ዶሮ ከሞተ ለጤና ኬላው በዚያው ዕለት ይነገር። የሞተው ዶሮ ውሻና ሌላ ዶሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር፤ ላባውና ሆድ ዕቃውም በሜዳ አይጣል። የቀሩትን ዶሮዎች ሳይሞቱ ለመሸጥ ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ ሌላ ገበያ መውሰድ በሽታውን ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ያደርሳል፤ ከዚያ ገበያ ዶሮ የሚገዛ ጎረቤትም በሽታውን ወደዚያው መንደር ይመልሰዋል።